የግቢ ውሻ የጥበቃ ብቃት፦ ቡቺንና ባልንጀሮቿን ማዕከል ያደረገ ጥናት

በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጀምረው ከዓለም ነው። ጥናቱ ስለ አንድ ቀበሌ የውሃ ቦኖ ቢሆን እንኳ ተመራማሪው መጀመሪያ በሜሶጶጣሚያ በኩል ዞሮ፣ አፍሪካን አቋርጦ፣ ደክሞት ቦኖው ዘንድ ይደርሳል። ይህም ጥናት ከወጉ አይወጣም።

በ1914 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር፣ ቦን ከተማ አጠገብ፣ ኦበርካሰል በሚባል ስፍራ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች አንድ መቃብር አገኙ። ዕድሜው ወደ 14 ሺህ ዓመት ይጠጋል። በውስጡ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አንድ ውሻ ነበሩ። አጥንቱንና ጥርሱን የመረመሩ ባለሙያዎች እንደሚሉት ውሻው ገና ቡችላ ሳለ በጽኑ ታሞ ነበር፤ ሰው ባያስታምመው ኖሮ ለሳምንታት መቆየት አይችልም ነበር። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የታመመ ቡችላ አያድንም፣ አይጠብቅም፣ መጮኽ እንኳ አይሆንለትም። ታዲያ ሥራ የማይሠራ ውሻ ማስታመም ምን ይባላል? የዚህ ጥናት መነሻ ጥያቄ ይኸው ነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባል ትንሽዬ ውሻ ነበራቸው፤ ሲሞትም በቤተ መንግሥቱ ግቢ መቃብር ተሠርቶለታል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሉሉ የሹማምንቱን ጫማ ሲያርስ እየተከተለ የሚጠርግ ባለሥራ እንደነበረ ይተርካል። አገሩን የሚያውቁ ብዙ ሰዎች የመጽሐፉን ወሬ አያምኑትም። እኔም የጠራጊውን ነገር ለሱ ትቼ መቃብሩን እይዛለሁ። ከሉሉ እስከ ቡቺ ያለውን የታሪክ ክፍተት ሌሎች ይሙሉት።

ተጠኚዋ ቡቺ በ2001 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል በፓስታ ካርቶን ተይዛ ፈረንሳይ ወደሚገኘው ግቢያችን ገባች። (ፈረንሳይ ለጋሲዮንን ነው፤ አገሩን አይደለም።) ያመጣት ሰው «እናቷ ጀርመን ናት» አለ። አዲስ አበባ ውስጥ እናቷ ጀርመን ያልሆነች ቡችላ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እንዲህ ከሆነ ጀርመን አገር አንድም ውሻ አልቀረም ማለት ነው። ቡቺ አድጋ ስናያት ከእናቷ ወገን የወረሰችው የግራ ጆሮዋን ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀኙ ሐበሻ ነው፤ ተኝቶ ይውላል።

የገባችው ለጥበቃ ሥራ ነው። ለዚህ የጽሑፍ ማስረጃ አለን። በመጣች በሳምንቱ አባታችን በቆርቆሮው በር ላይ በቀይ ቀለም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብለው ጻፉ። ቀለሙ ስለቀጠነ የመጀመሪያው ፊደል እግር ወደ ታች ፈስሶ እስከ መቀርቀሪያው ደርሷል። ጽሑፉ በሚጻፍበት ሰዓት ኃይለኛዋ ውሻ የበረንዳውን ደረጃ መውጣት አቅቷት ታለቅስ ነበር።

ቁልፍ መረጃ ሰጪያችን እናታችን ናቸው። አቋማቸው በጥናቱ ዘመን ሁሉ ፈቅ አላለም፤ ስለ ቡቺ በተጠየቁ ቁጥር «ኤዲያ! ውሻ እኮ ናት» ይላሉ። የጥናቱ መላምትም ከዚሁ ቃላቸው የተወሰደ ነው፦ የግቢ ውሻ የምትኖረው ለጥበቃ ነው፤ ሌላ ነገር የለም። የናሙናው ብዛት አንድ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ የገቡት ሲጨመሩ አራት ይሆናል።

ስለ ውሻ በአገራችን የተከማቸው ምርምር በአብዛኛው ተረትና ምሳሌ ነው። ማን እንዳለው አይታወቅም፣ መቼ እንደተባለ አይታወቅም፣ ሽማግሌ ሁሉ ግን ይጠቅሰዋል፤ ይህን የሚያህል ዕድል ያገኘ የታተመ ጥናት ጥቂት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን በቡቺ ላይ ፈትነናል።

የመጀመሪያው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ነው። ሰፈራችን የእንጦጦ ጥግ ስለሆነ ማታ ማታ ጅብ ይወርዳል። በሳይንሳዊ ስሙ ክሮኩታ ክሮኩታ የሚባለው ይህ ጅብ ጩኸቱ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሰማ ስለሚችል ቡቺ ለዝግጅት በቂ ጊዜ ነበራት። የመጀመሪያውን ጩኸት እንደሰማች ትነሣለች፤ ግቢውን አንድ ጊዜ በዓይኗ ትቃኛለች፤ ከዚያ የአባታችን ቮልስ ሥር ትገባለች። ጅቡ በአጥራችን ጥግ ያልፋል፣ ገንዳውን ይፈትሻል፣ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ዘበኛችን «ሄዷል» ብለው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉ ቡቺ ከቮልሱ ሥር ወጥታ፣ ደረቷን ነፍታ፣ ሰፈሩ እንቅልፍ እስኪያጣ ድረስ ትጮኻለች። ተረቱ ፈሪን ለመሸርደድ የተተረተ እንደሆነ ይታመናል። የእኛ መረጃ ግን ሌላ ያሳያል። ጅብ ውሻ ይበላል። ጅቡ ሳይሄድ የጮኹት ውሾች ተረት እንዲተረትባቸው እንኳ አልተረፉም። ስለዚህ ይህ አነጋገር ከነቀፋ መዝገብ ወጥቶ በደኅንነት መመሪያነት እንዲመዘገብ እናሳስባለን።

ሁለተኛው «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላል። ቡቺ በምሥራቅ በኩል ካለው የቆርቆሮ አጥር ሥር ቆፍራ ቀዳዳ አበጀች። ዘበኛችን ድንጋይ ከተቱበት። ቆፈረች። ድንጋይና ጭቃ ከተቱበት። ጎን ለጎን ሌላ ቆፈረች። በዚህ ቀዳዳ ጅብ ሲገባ በጥናቱ ዘመን አልታየም። የገቡት ባልንጀሮቿ ናቸው፤ ለእነሱም አንዳንድ ቃል ይገባቸዋል።

ወያላ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። ሚኒባስ ከማዞሪያው ሲነሣ አብሮ ይነሣል፤ በተንሸራታቹ በር በኩል እየሮጠ፣ እየጮኸ፣ እስከ ድልድዩ ይሸኛል፤ ከዚያ ቀጣዩን ይዞ ይመለሳል። አንድም ቀን ጎማ ነክሶ አያውቅም። ምን እንደሚፈልግ የታክሲ ረዳቶቹ ሲጠየቁ «ሒሳብ ነዋ» ብለዋል። ባሻ ሽማግሌ ነበር፤ መኖሪያው የሉካንዳ ቤቱ ደፍ ነው። ሥጋ የሚገዛ ሰው ሁሉ እሱን ተሻግሮ ይገባል፣ እሱን ተሻግሮ ይወጣል፤ ባሻ ዓይኑን እንኳ አይገልጥም። በሰፈራችን እንደዚህ የተከበረ ሥራ ፈት ሌላ የለም። ሦስተኛዋ ሙሽራ ነጭ ስለሆነች ነው ሙሽራ የተባለችው፤ ነጭነቷ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በማስረጃ የሚደገፍ አልነበረም።

ሦስተኛው ተረት «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ነው። ይህ ክፉኛ ወደቀ። አንድ ሌሊት ሌባ ገብቶ የውሃ ቆጣሪያችንን ነቅሎ ሄደ። ጠዋት ቡቺ በሩ አጠገብ በደስታ ጅራቷን እየቆላች ተገኘች፤ ከፊቷ ግማሽ ዳቦ ነበር። ቤታችን የዚያ ዓይነት ዳቦ አይገዛም። እንግዲህ በተረቱ መሠረት ቡቺ በሌባው ስለበላች ለሌባው መጮኽ ነበረባት፤ እሱንም አላደረገችም። በሩ ከውስጥ የተከፈተ ሲሆን የቡቺ ዱካ ከሰውየው ዱካ ጎን ለጎን እስከ መንገዱ ድረስ ይታያል። ሸኝታዋለች። እናታችን እንግዳ መሸኘት ከማን እንደተማረች እንዲያስረዱ ቢጠየቁ መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም።

በአንጻሩ ቡቺ አጥብቃ የምትጮኽባቸው ወገኖች አሉ፦ ቆራሌው፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ ጃንጥላ የያዘ ሁሉ፣ በተለይ በተለይ ደግሞ የንስሐ አባታችን። ጠበል ሊረጩ በመጡ ቁጥር ማድ ቤት ትታሰራለች፤ ከማድ ቤትም ሆና ጸሎቱ እስኪያልቅ ትጮኻለች፤ እናታችን በሀፍረት መሬት መሬት ያያሉ። አንድ ጊዜ ካህኑ በማድ ቤቱ መስኮት በኩል ሲረጩ ጥቂት ጠብታ ግንባሯ ላይ አረፈ። ዝም አለች። ከዚህ ነጥብ ምንም መደምደሚያ ላይ አልደረስንም፤ ሰፈሩ ግን ደርሷል።

ወደ አመጋገብ እንለፍ። ሉካንዳ ቤት ከታላቅ፣ ከሽንጥና ከጎድን ቀጥሎ ዋጋው ሰሌዳ ላይ የማይጻፍ አንድ ብልት አለ፤ «ለውሻ» ይባላል። ብዙ ሰው ለውሻ ይገዛል፤ ውሻ የሌለው ሰው ጭምር ይገዛል፤ ማታ ማታ በየቤቱ የሚሸተው ሾርባ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ነውር ነው። በእኛ ቤት የታየው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። እናታችን ቅዳሜ ቅዳሜ «ለሾርባ» ብለው የረባ አጥንት፣ ሥጋ የሞላው አጥንት ይገዛሉ። በቤታችን ሾርባ የተሠራበትን ቅዳሜ የሚያስታውስ የቤተሰብ አባል አልተገኘም።

ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል፤ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው ግን ድምፅ ሲሰሙ ምራቃቸው በሚፈስስ ውሾቹ ነው። ፌስታል ቢያገኝ ኖሮ ሥራው ባጠረለት። ቡቺ የቲማቲም ፌስታልን ከሥጋ ፌስታል ከበር ሳይደርስ በድምፁ ትለያለች። ለቲማቲም አንድ ዓይኗን ትገልጣለች። ለሥጋ ቀኙ ጆሮ ሳይቀር ይቆማል።

ጾም ሲገባ ግን ሳይንሱ ሌላ መልክ ይይዛል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ጅቦች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ ይህኛው የምር ነው። ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ጸጉር ሲመረምሩ፣ በዐቢይ ጾም ወራት የከብት ተረፈ ሥጋ ስለሚጠፋ ጅቦቹ ወደ አህያ እንደሚዞሩ፣ በምግባቸውም ውስጥ የአህያ ድርሻ ከእጥፍ በላይ እንደሚያድግ ደረሱበት። በአገራችን ጅብ እንኳ የጾም ወራትን ያውቃል ማለት ነው፤ አለመጾሙ ብቻ ነው ችግሩ። ቡቺ ትጾማለች። ወዳ አይደለም፤ የምትበላው የእኛን ትራፊ ነው፣ የእኛ ትራፊ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ሽሮ ፍትፍት ነው። ሳህኑ ሲቀርብላት ታሸትታለች። እናታችንን ታያለች። የማድ ቤቱን በር ታያለች። ሳህኑን እንደገና ታሸትታለች፤ በመካከሉ ሐሳባቸውን የቀየሩ ይመስላታል። ከዚያ በአፍንጫዋ ትገለብጠዋለች። እናታችን «ለሷ ብዬ ጾም አልፈታ!» ይላሉ፤ ሃይማኖታዊ አቋማቸው ጽኑ ነው። ሆኖም በሰሙነ ሕማማት ግቢያችን ውስጥ ካለው ኮክ ዛፍ ሥር የእንቁላል ቅርፊት ተገኝቷል። ማን እንደሰጣት አልተጣራም። በቤቱ ዶሮ የሚያረቡት፣ የቆጡንም ቁልፍ በመቀነታቸው የሚይዙት እናታችን ብቻ ናቸው።

አሁን የጥናቱ ዋና ግኝት ወደምለው እመጣለሁ፤ ስለ ጎንበስ ማለት ነው። የአዲስ አበባ የመንገድ ውሻ ሰው ጎንበስ ካለ ይሸሻል። ድንጋይ ማንሣት አያስፈልግም፤ ድንጋይ በአካባቢው መኖሩም አያስፈልግም። የጫማ ማሰሪያ ሊቋጥር ያጎነበሰ ሰው በዙሪያው ያለውን ውሻ ሁሉ በአንድ አፍታ ያባርራል። ይህን እውቀት ቡችላው ከእናቱ ይማር ወይም ከድንጋዩ፣ ለማንም ግልጽ አይደለም። ቡቺ ግን ይህን ትምህርት ሳታገኝ ያደገች ናት። ሰው ጎንበስ ሲል ሊያክላት መስሏት ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ትንጋለላለች። ለጥበቃ ሠራተኛ ይህ ከባድ ጉድለት ነው።

ባልንጀሮቿ በቀዳዳው ገብተው ከሳህኗ መብላት በጀመሩ ሰሞን እናታችን ምግብ ሊያስቀምጡ ጎንበስ ሲሉ ወያላና ሙሽራ በቀዳዳው ይወጡ ነበር። ባሻ እርጅና ስላለበት መሸሽ አይችልም፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ቀብሮ ድንጋዩን ይጠብቃል። ድንጋዩ ሳይመጣ ሲቀር አንድ ዓይኑን ይገልጣል። ይህ ሳይሰለች ብዙ ጊዜ ተደገመ። ከጊዜ በኋላ እናታችን ሲያጎነብሱ ማንም አልሸሸም፤ ወያላ ወደ ኋላ መመለሱን ትቶ መቀመጥ ጀመረ፤ ባሻም ዓይኑን መጨፈን ተወ። ይህ ለውጥ የታየው በእናታችን ላይ ብቻ ነው። እኔ ሳጎነብስ እስከ መጨረሻው ሸሽተዋል። እናታችን ስለ ጉዳዩ ሲጠየቁ «የሰው ትርፍ ይደፋ እንዴ?» ብለዋል።

ከዚያ የእብድ ውሻ ወሬ ሰፈሩን ያዘው። ወሬው በከንቱ የሚናቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ በሽታ በሰው ላይ እስከ 99 በመቶ በሚሆነው ጊዜ የሚተላለፈው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በባሌ ተራሮች፣ ከአገራችን በቀር የትም የማይገኘውና ቁጥሩ 500 ገደማ ብቻ የሆነው ቀይ ቀበሮም ከቤት ውሾች በሚጋባበት በዚሁ በሽታ በተደጋጋሚ በብዛት ሞቷል። ድርጅቱ ግን ጨምሮ የሚለው ነገር አለ፤ በሽታውን የሚገታው ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ እንጂ መግደል አይደለም። ይህኛው ክፍል ወደ ሰፈራችን ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል።

አንድ የጥር ምሽት ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና «ውሻችሁን እሰሩ» እያለች በየመንገዱ ዞረች። ሌሊት የሚጣለው ሥጋ ምን ዓይነት ሥጋ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቡቺ ታሰረች። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ እናታችን ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ፤ ትልቁን በር ከፈቱ፤ ባሻን ከሉካንዳው ደፍ ላይ በገመድ እየጎተቱ አመጡ፤ ሙሽራ ራሷ ተከትላ ገባች። ወያላን እየተጣሩ እስከ ማዞሪያው ሄዱ። የመጨረሻው ታክሲ ገና አልገባም ነበርና እሱን ሊቀበል ወደ ድልድዩ ወርዶ ነበር። በማግስቱ ስናገኘው የታክሲ ረዳቶቹ ካርቶን አልብሰውታል።

እናታችን ያን ሌሊት በሩን ለምን እንደከፈቱ ለዚህ ጥናት ሲጠየቁ «ዝናብ እንዳይመታቸው ብዬ ነው» ሲሉ መልሰዋል። ወሩ፣ ከላይ እንደተገለጸው፣ ጥር ነው።

ቡቺ በ2013 ዓ.ም. በእርጅና ሞተች። ዘበኛችን ከኮኩ ሥር ቆፈሩ። የእድራችን ደንብ ስለ ውሻ የሚለው ነገር ስለሌለ ድንኳን አልተተከለም፣ ጡሩምባም አልተነፋም። ከሰዓት በኋላ ግን ሦስት ጎረቤቶች ሳይጠሩ ለቡና መጡ። ስለ ለቅሶ ያነሣ የለም፤ ወሬው የጤፍ ዋጋ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ለዓመታት በራችን ላይ ቆማ «ኧረ ውሻችሁን ያዙልኝ!» ስትል የኖረች ናት። ያን ቀን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ገባች፤ እኔ እንዳየሁባት ስታውቅ አስተካከለችው። ቶናው ሲቀዳ «ዛሬ ማንም አልጮኸብኝም» አለች። እናታችን «ውሻ እኮ ናት» አሉና ስኳር ሊያመጡ ተነሡ። ስኳሩ ረከቦቱ ላይ ነበር።

ውጤቱን ላቅርብ። በቡቺ የአገልግሎት ዘመን ከግቢያችን አንድ የውሃ ቆጣሪ፣ ከገመድ ላይ የተሰጣ ልብስና አንድ አውራ ዶሮ ጠፍተዋል። የዶሮው ጉዳይ ከቡቺ አልፎ ወደ ሌላ ተጠርጣሪ የሚሄድ አይደለም። በየትኛውም የጥበቃ ድርጅት መመዘኛ ከሥራ መሰናበት ነበረባት፤ ይልቁንም በየሳምንቱ አጥንቷ ጨመረ። ቁልፍ መረጃ ሰጪያችን ግን መላምቱ ተረጋግጧል ባይ ናቸው። ለጥበቃ ነበረች ይላሉ። አሁን ደግሞ ባሻን ግቢ አስገብተውታል፤ እሱም ለጥበቃ ነው። ባሻ ጥርስ የለውም፣ አይሰማም፣ ፌስታል እንኳ አይሰማም። አጥንቱ ይቀቀልለታል።

ለሚመለከታቸው አካላት ሁሉ የማቀርበው የመፍትሔ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፦ ውሻችሁን አስከትቡ፤ ከአጥራችሁ ሥር የሚገቡትንም ጭምር ይዛችሁ ሂዱ። ለምን እንደሆነ ብትጠየቁ ለጥበቃ ነው በሉ። የእንስሳት ሐኪሙ ከዚያ በላይ አይጠይቃችሁም።